«ልጄ የራፕ ክሊፕ ዳይሬክተር ልሁን ትላለች»



ከመቱ ከተማ አንዲት እናት የጻፉልን ደብዳቤ ሁለት ገጽ ሙሉ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ስለ ቡና ዋጋና ስለ መንገድ ጭቃ የሚያትት ስለሆነ ለሌላ ዓምድ እንተወዋለን። የሁለተኛው ገጽ ጉዳይ ግን የዚህ ዓምድ ነው። ሴት ልጃቸው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርቷን አጠናቃለች። አባቷ የሒሳብ አያያዝ ተምራ በአንድ መሥሪያ ቤት እንድትቀጠር ይሻሉ። ልጅቱ ግን «የሂፕ ሆፕ ክሊፕ ዳይሬክተር ነው የምሆነው» ብላ ቤቱን ለሁለት ከፍላዋለች። እናትየዋ የሚጠይቁት ሦስት ነገር ነው። ይህ ነገር ሙያ ነው ወይስ ጨዋታ? እንጀራስ ያበላል? ለጨዋ ቤት ልጅ ይሆናል ወይ?

ጥያቄው የአንድ ቤት ብቻ አይመስለንም። በጎሬም፣ በበደሌም፣ በያዮም ስልኳን ይዛ ጓደኞቿን በቡና ዛፍ ሥር እያስጨፈረች የምትቀርጽ ልጅ አትጠፋም። ስለዚህ ለደብዳቤዋ ባለቤት የምንመልሰውን እርስዎም አብረው ያንብቡት።

በቅድሚያ አንድ የተለመደ ስሕተት እናርም። የክሊፕ ዳይሬክተር ዘፋኝ አይደለችም፤ ተወዛዋዥም አይደለችም። ከካሜራው ፊት ቆማ አትታይም። ዘፈኑን ሰምታ በሥዕል ምን እንደሚታይ የምትወስን፣ ውሳኔዋንም በካሜራ ባለሙያው፣ በመብራት ሠራተኛው፣ በአልባሳትና በሜካፕ ባለሙያዋ እንዲሁም በዘፋኙ በራሱ የምታስፈጽም የሥራ ኃላፊ ናት። ነገሩ የቤት ሥራ ቢሆን ኖሮ መሐንዲሷም የግንበኞቹ አለቃም እርሷ በሆነች ነበር።

«ሂፕ ሆፕ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፊታቸውን የሚያጨማድዱ ወላጆች ብዙ ናቸው። አንዳንዱን ክሊፕ ያየ ሰው አይፈርድባቸውም። ይሁን እንጂ የዚህን ሙዚቃ አነሣሥ ማወቅ ይጠቅማል። በነሐሴ ወር 1965 ዓ.ም. በኒውዮርክ ከተማ ብሮንክስ በሚባለው የድኾች ሰፈር ሲንዲ ካምቤል የምትባል ልጃገረድ ትምህርት ቤት ሳይከፈት የልብስ መግዣ ገንዘብ ለማግኘት በሚኖሩበት ሕንፃ አዳራሽ ውስጥ የጭፈራ ድግስ አዘጋጀች። መግቢያው ለሴቶች 25 ሳንቲም፣ ለወንዶች 50 ሳንቲም ነበር። ሸክላውን ያጫወተው በጃማይካ የተወለደው ወንድሟ፣ በኋላ ኩል ሄርክ በሚል ስም የታወቀው ወጣት ነው። ዛሬ ዓለም የሂፕ ሆፕ የልደት ቀን ብሎ የሚያከብረው ያንን ምሽት ነው። የወንድምየውን ስም ሁሉም ይጠራል፤ ድግሱን ያሰበችውን፣ አዳራሹን ያስፈቀደችውንና ገንዘቡን የቆጠረችውን እኅት ግን የሚያስታውሳት ጥቂት ነው። ይህ ነገር ለእኛ ገጽ አንባብያን እንግዳ አይሆንም።

ዘፈንን በሥዕል አጅቦ ማቅረብ ሰፊ ገበያ የሆነው በ1973 ዓ.ም. ማገባደጃ ኤም ቲቪ የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ ሥራ ሲጀምር ነው። በአገራችንም በ1957 ዓ.ም. ሥርጭቱን የጀመረው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1977 ዓ.ም. ቀለም ካገኘ ወዲህ ዘፋኞቻችንን በአበባ ቦታና በፏፏቴ ዳር እያቆመ ሲያሳየን ኖሯል። ዘፋኙ አበባ ጨብጦ ወዲያና ወዲህ ይንጎራደዳል፤ ካሜራው ቆሞ ያየዋል። በ1997 ዓ.ም. ዩቲዩብ ከመጣ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። ዛሬ ዘፈን ያለ ክሊፕ ወጣ ማለት ሙሽራ ያለ ሚዜ መጣች እንደ ማለት ነው። እነ ቴዲ ዮ እና ልጅ ሚካኤል ራፕን በአማርኛ ካስለመዱ ወዲህም በዚህ ዓይነት ዘፈን ክሊፕ መሥራት የብዙ ወጣቶች ሥራ ሆኗል።

ታዲያ ሥራው ምንድን ነው?

እንበልና አንድ የመቱ ወጣት የራፕ ዘፈን ሠርቶ ክሊፕ እንዲሠራለት ወደ ልጅዎ መጣ። ዘፈኑ አራት ደቂቃ ነው። አራት ደቂቃ 240 ሰከንድ ነው። በራፕ ክሊፕ አንድ ሥዕል ከሁለት ወይም ከሦስት ሰከንድ በላይ ሳይቆይ ወደ ሌላው ስለሚቆረጥ፣ ለዚያች አራት ደቂቃ ከ80 እስከ 120 የሚደርሱ ልዩ ልዩ ሥዕሎች ያስፈልጋሉ ማለት ነው። እያንዳንዱ የት፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ልብስ፣ በየትኛው ብርሃን እንደሚቀረጽ አስቀድሞ በወረቀት ላይ መስፈር አለበት። ዳይሬክተሯ መጀመሪያ ሐሳቧን በአንድ ወይም በሁለት ገጽ ጽፋ ለዘፋኙ ታቀርባለች። ከተስማሙ ወጪውን ታሰላለች፤ የካሜራና የመብራት ኪራይ፣ የመኪና፣ የምግብ፣ የተወዛዋዦች ክፍያ፣ የዝናብ ቀን ቢያጋጥም የሚያዘው መጠባበቂያ ሁሉ ይጻፋል። (የሒሳብ አያያዝ ትማር የሚሉት አባት እዚህ ላይ ተሳስተዋል አንልም። ከዚህ ሥራ ግማሹ ሒሳብ ነው፤ ብዙዎቹ የሚወድቁትም ሥዕሉ ላይ ሳይሆን ሒሳቡ ላይ ነው።)

ቀረጻው በሶር ፏፏቴ ይሁን ተባለ እንበል። ከመቱ ተነሥቶ በበቾ በኩል አድርጎ የሄደ ሰው እንደሚያውቀው መጨረሻው በእግር የሚኬድ የደን መንገድ ነው። ካሜራው፣ መቆሚያው፣ ባትሪው፣ ድምፅ ማጉያው በሰው ትከሻ ይወርዳል። ከደኑ ሥር ጠዋት ጨለማ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ፀሐይ በቅጠሉ መካከል እየሰነጠቀች የዘፋኙን ፊት ዥንጉርጉር ታደርገዋለች። ስለዚህ ብርሃኑ የሚመቸው ለየትኛው ሰዓት እንደሆነ ለማወቅ ከቀረጻው በፊት አንድ ቀን ሄዶ መቀመጥ ያስፈልጋል። ከፏፏቴው የሚረጨው ጤዛ በየደቂቃው የካሜራውን መነጽር ይሸፍነዋል። የውኃው ጩኸት ዘፈኑን ስለሚውጠው ዘፋኙ የራሱን ግጥም ሰምቶ ከንፈሩን ለማስማማት ድምፅ ማጉያው በጣም ቀርቦ ከሥዕሉ ክልል ውጭ መደበቅ አለበት። ይህን ሁሉ የምታስበው ዳይሬክተሯ ናት።

በዝግታ የሚንሳፈፍ የሚመስለውን ሥዕል አይተው ተገርመው ይሆናል። ሰውየው በዝግታ እየተራመደ ከንፈሩ ግን ከዜማው ጋር ይገጥማል። ምስጢሩ ቀላል ነው። በቀረጻው ሰዓት ዘፈኑ በእጥፍ ፍጥነት ይለቀቃል፤ ዘፋኙም በዚያው ፍጥነት እየተጣደፈ ይዘፍናል፤ ካሜራው በሰከንድ 50 ሥዕል ያነሣል። በኋላ 50ው ሥዕል በሰከንድ 25 እየሆነ ሲታይ እንቅስቃሴው በግማሽ ይቀዘቅዛል፤ ከንፈሩ ግን በትክክለኛው የዘፈን ፍጥነት ላይ ያርፋል። በቦታው ተገኝቶ ላየ ሰው ዘፋኙ እንደ ወፍ ሲንጫጫ መስማት ያስቃል።

ከቀረጻው ቀጥሎ ሥዕሎቹን መቁረጥና መገጣጠም ይመጣል። ባለሙያዎቹ ኤዲቲንግ የሚሉት ይህ ነው። በአንድ ቀን የተቀረጸ በብዙ ቀንና ሌሊት ይቆረጣል። ለልጅዎ ይህን ሥራ አክብረን የምንነግርዎ ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ በር ገብታ ትልቅ ደረጃ የደረሰች አንዲት አፍሪካዊት ስላለች ነው።

ሳና ሐምሪ የተወለደችው በሞሮኮ በጣንጂር ከተማ ነው። አባቷ ሠዓሊው ሙሐመድ ሐምሪ ሲሆኑ እናቷ አሜሪካዊት ናቸው። በነጻ የትምህርት ዕድል አሜሪካ ሄዳ በኒውዮርክ አቅራቢያ በሚገኘው ሳራ ሎውረንስ ኮሌጅ ቴአትርና ሥነ ልቡና ተማረች። ከኮሌጅ ስትወጣ ግን «ዳይሬክተር ነኝ» ብላ ያንኳኳችው በር የለም። ከኤዲቲንግ መሣሪያ ፊት ተቀመጠች። ሌሎች የቀረጹትን መቁረጥና መገጣጠም ያዘች። በዚህ ሥራ ላይ ሳለች አሠራሯን ያየችው ዝነኛዋ ዘፋኝ ማራያ ኬሪ ክሊፕ እንድትመራላት ጠየቀቻት። በ1992 ዓ.ም. ማራያ ኬሪ ከጆ እና ከራፐሩ ናስ ጋር የሠራችው ዘፈን ክሊፕ የሳና ሥራ ነው። ከዚያ ወዲህ የፕሪንስን ጨምሮ የብዙ ታላላቅ ሙዚቀኞችን ክሊፕ መርታለች።

ከሥራዎቿ ሁሉ ለዚህ ገጽ የመረጥነው ግን በ1995 ዓ.ም. ለራፐሩ ኮመን የሠራችውን ነው። ዘፈኑ የፍቅር ነው። ሌላ ዳይሬክተር ቢሆን ኖሮ ምናልባት የዋና ገንዳና ዐሥር ተወዛዋዦች ያመጣ ነበር። ሳና ያመጣችው አንዲት መስማት የተሳናት ሴት ነው። ራፐሩ የሚወዳትን ሴት ለጋብቻ ለመጠየቅ የምልክት ቋንቋ ይማራል፤ ሐሳቡን በወረቀት ላይ ጽፎ እያሳየ ይጠይቃታል። ዋና ሥራው ቃላት መደርደር የሆነ ሰው፣ ቃሉን መስማት ለማትችል ሴት ሲል እጁን ማናገር ይማራል። በክሊፑ ውስጥ ሴቲቱ ጌጥ አይደለችም፤ ታሪኩ የእርሷ ነው። ይህን የወሰነው ዘፈኑ ብቻ አይደለም፤ ካሜራውን ያዘዘችው ሴት ናት።

የዚህችው ሴት ሥራ የሆነው የራፐሯ የኒኪ ሚናዥ «ሱፐር ባስ» ክሊፕ በ2003 ዓ.ም. የኤም ቲቪን የዓመቱ ምርጥ የሂፕ ሆፕ ክሊፕ ሽልማት አግኝቷል። ሳና በ1998 ዓ.ም. ወደ ረጅም ፊልም ተሻገረች። ከ2007 እስከ 2012 ዓ.ም. በታየውና የሂፕ ሆፕ ኩባንያ ያለውን ቤተሰብ ታሪክ በሚተርከው «ኢምፓየር» በተሰኘው ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማም ብዙ ክፍሎችን መርታለች። ክሊፕ መጨረሻ አይደለም፤ ለብዙዎች የፊልም ትምህርት ቤት ሆኖ ያገለግላል።

የኒውዮርኳ ተወላጅ ሜሊና ማትሱካስም በዚሁ መንገድ ሄዳለች፤ እርሷ ግን ሲኒማን በዩኒቨርሲቲ ተምራ ነው የጀመረችው። በ2005 ዓ.ም. ለሪሃና በሠራችው ክሊፕ የግራሚ ሽልማት ስታገኝ፣ በዚያ ዘርፍ ክሊፕን ለብቻዋ መርታ የተሸለመች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በ2008 ዓ.ም. ለቢዮንሴ የሠራችው «ፎርሜሽን» ደግሞ በዓመቱ እንደገና አሸልሟታል። ዘፋኟ በጎርፍ ውኃ መካከል በሚሰምጥ የፖሊስ መኪና ላይ ተቀምጣ የምትታይበት ክሊፕ ነው። በኒው ኦርሊንስ ከተማ በ1997 ዓ.ም. ማለቂያ የደረሰውን የካትሪና አውሎ ነፋስ የሚያስታውስ ሰው ሥዕሉ ምን እንደሚል አይጠፋውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ እንናገር። አብዛኛው የራፕ ክሊፕ ሴትን ያሳየበት መንገድ የሚያስመሰግን አይደለም። ፊቷ የማይታይ፣ ስሟ የማይጻፍ፣ ከወገቧ በታች ብቻ የምትቀረጽ ተወዛዋዥ በአሜሪካውም በእኛውም ክሊፕ ሞልታለች። ወንዱ በተከራየው መኪና ተደግፎ የማያውቀውን ዶላር ሲበትን እርሷ ከመኪናው ዕቃ አንዷ ሆና ትቆማለች። (የመኪናው ኪራይ በሰዓት ስለሚቆጠር ነው መሰል ሁሉም ይቸኩላሉ።) እናቶች ይህን አይተው «ልጄ በዚህ ውስጥ ምን ትሠራለች?» ቢሉ ትክክል ናቸው። ነገር ግን ጥያቄው ሊገለበጥ ይችላል። ካሜራው የት ይቁም የሚለውን የሚወስነው ሰው ሁልጊዜ ወንድ ከሆነ ሥዕሉ እንዴት ይለወጣል?

ሁሉም ወንድ ዳይሬክተር እንዲህ ነው ማለታችን አይደለም። በ1989 ዓ.ም. ሃይፕ ዊሊያምስ የተባለው ስመ ጥሩ ዳይሬክተር ራፐሯን ሚሲ ኤሊየትን በአየር የተነፋ ትልቅ ጥቁር ልብስ አልብሶ፣ ሰፊ በሚያሳይ ክብ መነጽር ቀርጾ አቀረባት። ሴት ዘፋኝ ልብሷን ካላሳነሰች አትታይም ይባል በነበረበት ጊዜ፣ ፊኛ የሚያህል ልብስ የለበሰችው ሚሲ ከሁሉም በላይ ታየች። ያ ክሊፕ ዛሬም ትምህርት ነው።

በአገራችን ሴቶች ለዳይሬክተርነት እንግዳ አይደሉም። ቅድስት ይልማ «ረቡኒ» የተሰኘውን ፊልም መርታለች። አይዳ አሸናፊ «ጉዞ» በተባለው ዘጋቢ ፊልሟ የከተማ ወጣቶችን ወደ ገጠር ወስዳ ያዩትን አሳይታናለች። በ2005 ዓ.ም. የጀመረው «የኛ» የተሰኘው የልጃገረዶች ቡድን የሬዲዮ ድራማና ዘፈን ደግሞ ልጃገረዶች ስለ ራሳቸው ሲናገሩ አድማጭ እንደሚያገኙ አሳይቷል። ከዚያም በፊት አርቲስት አስናቀች ወርቁ ክራሯን ይዛ በቴአትር መድረክ ስትወጣ የዘመኑ ሰው ምን ይል እንደነበር አረጋውያን ያስታውሳሉ። «አዝማሪ ልትሆኚ ነው?» የሚለው ተግሣጽ ዛሬም በብዙ ቤት አልጠፋም። በራፕ ክሊፕ በኩል ግን የዳይሬክተሩ ወንበር ገና የወንዶች ነው።

አሁን ወደ እንጀራው እንምጣ። እውነቱን ለመናገር ክሊፕ ብቻ ሠርቶ ወር ከወር የሚተማመኑበት ገቢ ማግኘት ከባድ ነው። ሥራው በወቅት ይመጣል፤ በበዓል ሰሞን ይበዛል፤ በጾም ይቀንሳል። በዚህ ሙያ የሚኖሩት አብዛኞቹ ሠርግ ይቀርጻሉ፣ ማስታወቂያ ይሠራሉ፣ የምረቃ በዓል ያነሣሉ። ለመቷ ልጅ የመጀመሪያው ትምህርት ቤት በከተማዋ ካሉት ፎቶ ቤቶች አንዱ ሊሆን ይችላል። ሠርግ መቅረጽ የሚናቅ ሥራ አይደለም፤ ሙሽራዋ ከደጅ ስትወጣ «እስቲ ተመለሺና እንደገና ውጪ» ስለማይባል ዓይንን ያፈጥናል።

ትምህርቱን በሥርዓት መቀጠል ከፈለገች በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቴአትርም ፊልምም ይሰጣል። የፊልም ባለሙያው አብርሃም ኃይሌ ብሩ የመሠረተው ብሉ ናይል የፊልምና ቴሌቪዥን አካዳሚም አለ። ሆኖም አዲስ አበባ ከመቱ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ የቤት ኪራዩም ቀላል አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ ባለችበት ትሞክር። በእጇ ባለው ስልክ የአንድ ዘመዷን ወይም ጓደኛዋን ዘፈን ትቅረጽ፤ በነጻ በሚገኝ የኤዲቲንግ መተግበሪያ ራሷ ትቁረጥ፤ ለሦስት ሰው ታሳይ። ሦስተኛውን ክሊፕ ስትሠራ ከመጀመሪያው የተሻለ ከሆነ ሙያው ውስጧ አለ። ካልተሻለ ሒሳቡን መማሯ ኪሳራ አይሆንም።

ወላጅ የሚያሰጋው ሌላም ነገር አለ፤ ሳንጠቅስ አናልፍም። በዚህ ሥራ ሌሊት ማምሸት፣ ከቤት ርቆ ማደር፣ ከብዙ ወንዶች ጋር መሥራት አለ። «ስለ ሥራው እንነጋገር፣ ወደ ሆቴል ነይ» የሚልም አይጠፋም። ልጅዎ የሥራ ንግግርን በቀን፣ ሰው ባለበት ቦታ ማድረግን ከመጀመሪያው ቀን ልማድ ታድርገው። ወደ ቀረጻ ስትሄድ የትና ከማን ጋር እንደሆነች በቤት ይታወቅ፤ መመለሻ መኪናዋ ሳይያዝ አትሂድ። እርስዎም በበኩልዎ «አትሄጅም» ከማለት ይልቅ አንድ ቀን አብረዋት ሄደው ቢያዩ መልካም ነው። ቡና ቀላ ይዘው ቢሄዱማ ሠራተኛው ሁሉ ያመሰግንዎታል።

እርሷም ባለ ሥልጣን ስትሆን በሥሯ ለሚሠሩት ሴቶች ኃላፊነት አለባት። ለተወዛዋዦቹ የተከለለ የልብስ መቀየሪያ ቦታ ታዘጋጅ፤ ክፍያቸውን ከቀረጻው በፊት ተነጋግራ በዚያው ቀን ትስጣቸው፤ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑትን ያለ ወላጅ ፈቃድ አታቅርጽ። ስማቸውንም በክሊፑ መጨረሻ ትጻፍ።

በገንዘብ ጉዳይ ከዘመድም ጋር ቢሆን በጽሑፍ መዋዋል ያስፈልጋል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሎ ሲኖር፣ የኦዲዮቪዥዋል ሥራን ይጠብቃል፤ የሠሪውን በስሙ የመታወቅ መብትም ያውቃል። ክሊፑ በዩቲዩብ ሲወጣ ገቢ ቢያስገኝ ገንዘቡ የሚሄደው ለገጹ ባለቤት ነው፤ ለዳይሬክተሯ በራሱ አይመጣም። ስለዚህ ድርሻ የምትፈልግ ከሆነ አስቀድሞ በውሉ ውስጥ ይግባ። ቀብድ ሳይከፈላት ካሜራ አትከራይ። የመጨረሻውን ክፍያ ሳትቀበልም የተጠናቀቀውን ሥራ አታስረክብ፤ በላዩ ላይ ስሟ የታተመበትን ዝቅተኛ ጥራት ያለውን ቅጂ ለእይታ ብትሰጥ ይበቃል። በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ አካባቢ፣ በመንግሥት ሕንፃና በሰው የቡና ማሳ ውስጥ ለመቅረጽ ፈቃድ መጠየቅ እንዳትረሳ። ከላይ ሆኖ የሚቀርጸውን ድሮን ያለ ፈቃድ ማስነሣት ደግሞ ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ፏፏቴው ከላይ ሲታይ ያምራል ብላ ራሷን ችግር ውስጥ አታግባ።

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ የአካባቢው ጉዳይ ነው። በኢሉባቦር ዝናቡ ረጅም ነው፤ እርጥበቱም ካሜራን ያበላሻል፣ መነጽሩ ውስጥ ሻጋታ ያበቅላል። ካሜራ ያገኘች ዕለት ጥሩ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ፣ በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን እርጥበት መጣጭ ትንንሽ ከረጢቶች ሰብስባ አብራ ታስቀምጠው። በክረምቱ ወራት ኤዲቲንግ ትለማመድ። የሶሩን ቀረጻ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ከኅዳር ወዲህ ብታደርገው ይሻላል፤ ያን ጊዜ ቡና ለቀማ ስለሆነ ግን ሰው እንደ ልብ አይገኝም፤ ተወዛዋዦቿን አስቀድማ ትቅጠር።